እግሩ አልከፈት ሲል
የሴሬብራል ፓልሲ ልጆችና የዳሌ መገጣጠሚያ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቤተሰብና ጤና ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ በብዙ ቤት ያለ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ወደ ጓዳ የሚገባ ጉዳይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጨቅላነት ጊዜ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ሳቢያ የልጁን እንቅስቃሴ የሚያውክ ችግር ነው። ስለ ሁሉም ነገሩ ለመናገር ጊዜያችን አይበቃም። ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ እናተኩራለን፤ እሱም የእነዚህ ልጆች መገጣጠሚያ፣ ከመገጣጠሚያም በተለይ ዳሌያቸው ነው።

ለምን ዳሌ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ወላጆች ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «የልጃችሁ ችግር ከአንጎል ነው፤ የአንጎሉ ጉዳት ደግሞ አይጨምርም» ይባላሉ። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስተው ግን ብዙዎች «እንግዲያው ከእንግዲህ የሚብስ ነገር የለም፤ ሶብር ማድረግ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ሶብሩ ተገቢ ነው፤ ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። የአንጎሉ ጉዳት ባለበት ሲቆም መገጣጠሚያው ልጁ ባደገ ቁጥር ይለወጣል። በሁለት ዓመቱ ደህና የነበረ ዳሌ በሰባት ዓመቱ ወልቆ ሊገኝ ይችላል። ይህ ደግሞ በአብዛኛው ቀድሞ ሊታወቅና ሊከላከሉት የሚቻል ነገር ነው። የዛሬው ንግግራችን ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የምንናገረው ባለሙያዎች ከጻፉትና ካስረዱን፣ እንዲሁም በገዛ ቤታችን ወንድማችንን ስናሳድግ ካየነው ተነስተን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንይ። ዳሌያችንን በሙቀጫና በዘነዘና ልንመስለው እንችላለን። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ይህን ኳስ የሚያቅፍ ጎድጓዳ ደግሞ ዳሌ ላይ አለ። ሕፃን ሲወለድ ይህ ጎድጓዳ ገና ጥልቀት የለውም፤ ለስላሳም ነው። በትክክል የሚቀረጸው ኳሱ በውስጡ እየተጫነና እየተሽከረከረ ሲሠራበት ነው። ልጅ ቆሞ ሲሄድ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ እኛ ጨዋታ ነው እንላለን እንጂ አጥንቱ እየተሠራ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ግን ሌሎች በሚቆሙበት ዕድሜ አይቆምም። በዚያ ላይ ጭንን ወደ ውስጥ የሚስቡት የብሽሽት ጡንቻዎችና ጭንን ወደ ሆድ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ሁልጊዜ ተወጥረው ይውላሉ። አጥንቱ በዕድሜው ልክ ይረዝማል፤ ሳይለጠጥ የሚውለው ጡንቻ ግን ከአጥንቱ እኩል አያድግም። እንዲህ እያለ ኳሱ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ቀን ከጎድጓዳው ጨርሶ ይወጣል። ልጁ አልወደቀም፤ ማንም አልመታውም። እተኛበት ፍራሽ ላይ ነው ዳሌው የወለቀው።

ጉልበትና ቁርጭምጭሚትም በዚሁ ዓይነት ይጠቃሉ። ባቱ ሲያጥር ልጁ በጣቱ ጫፍ መሄድ ይጀምራል፤ ከጉልበቱ ኋላ ያሉት ጅማቶች ሲያጥሩ ደግሞ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል። እነዚህ በዓይን ስለሚታዩ ወላጅ ቶሎ ያውቃቸዋል። ዳሌ ግን በሥጋ የተሸፈነ ነው። አስቸጋሪ ያደረገውም ይህ ነው።

ምን ያህሉ ልጆች ናቸው ይህ የሚደርስባቸው? በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ በተባለው ግዛት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ የአንዱ ያህል ዳሌ ከቦታው ተንሸራቶ ተገኝቷል። ልዩነቱ ግን በልጆቹ መካከል ሰፊ ነው። ባለሙያዎች እነዚህን ልጆች እንደ እንቅስቃሴያቸው በአምስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ደረጃ ያለ ድጋፍ የሚራመድና የሚሮጥ ነው፤ አምስተኛው አንገቱን ለመያዝ እንኳ የሚቸገርና ሰው የሚያንቀሳቅሰው ነው። በጥናቱ ከአንደኛው ደረጃ አንድም ልጅ ዳሌው አልተንሸራተተም። ከአምስተኛው ደረጃ ግን ከመቶው ዘጠናው ተንሸራቷል። ይህን ቁጥር ደግመን እንናገረው፦ ከመቶ ዘጠና። እንግዲህ የማይቀመጥና የማይቆም ልጅ ያለው ወላጅ «የኔ ልጅ ላይ ይደርስ ይሆን?» ከማለት ይልቅ «አሁን የት ደርሶ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ወንድማችን የተወለደው በ1986 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ፣ በቤት ነው። ከሰባታችን አምስተኛው ነው። ምጡ ጸንቶ ነበር፤ ሲወለድም አላለቀሰም። እናታችን አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአንቀልባ አዘለችው። ከእሱ በታች የተወለደችው እህታችን አንቀልባው ለእሷ እንዳልደረሳት እስከ ዛሬ እያነሳች ታስቀናለች። እኛ ይህን የምናወራው ለሳቅ ነበር፤ በኋላ ግን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትሰማው በጣም ወደደችው። ምክንያቱም በእናቱ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ጭኖቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ታጥፈው ነው የሚውለው። ባለሙያዎች በትራስና በልዩ ወንበር ሊያመጡት የሚደክሙበት አቀማመጥ የዚህ ቢጤ ነው። አያቶቻችን ስለ ዳሌ አስበው አንቀልባ እንዳልሠሩ እናውቃለን፤ ቢሆንም ጥሩ ነገር ነውና ሳንጠቅሰው አናልፍም።

ልጅ ግን ያድጋል፤ የእናት ወገብም ልክ አለው። ወንድማችን ከጀርባ ከወረደ በኋላ ውሎው ፍራሽ ላይ ሆነ። ፍራሹ ከግድግዳው ጥግ፣ ፊቱ ወደ በሩ ነበር። በሩን ይወድ ነበር፤ የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ በሳቅ የሚቀበለው እሱ ነው። ጉልበቶቹ ሁልጊዜ አንድ ላይ ሆነው ወደ በሩ ያዘነብሉ ነበር። ሰው ሲያየው የሚያየው ሳቁን ነው። ዛሬ ባለሙያዎች እንደሚሉን ሁለቱም ጉልበት ወደ አንድ ጎን ወድቆ ለረጅም ሰዓት መዋሉ ልናስተውለው የሚገባ ምልክት ነው። የአንዱ ጎን ዳሌ ይወጣል፤ የጀርባ አጥንትም እየጠመመ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ይህን የሚነግር ሰው አላገኘንም።

ሰባት ዓመት ሲሞላው ለዒድ ልታጥበው የተነሳች ቀን እናታችን «ዘንድሮ እግሩ አልከፈት አለኝ» አለች። ይህን ቃል ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ከበዓሉ በኋላ ወደ ጤና ተቋም ይዛው ሄዳ ይህንኑ ተናገረች። የተቀበሏት ሰው የልጁን እግር ሳይነኩ «የአንጎል ነው፤ እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉና ቫይታሚን ጽፈው መለሷት። ራጅ የሚባል ነገር አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ሌሊት ማልቀስ ጀመረ። ጎረቤት «አመል ነው፤ አቅብጣችሁት ነው» ይል ነበር። ሌላው «ጂን ነው» አለ። ወጌሻም መጣ። ወጌሻው እግሩን በኃይል ሊከፍት ሲሞክር አባታችን ከልጁ ጩኸት የተነሳ አስቆሙት። ደግ አደረጉ። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ሥስ ነው፤ በጉልበት ሲስቡት ጭኑ ሊሰበር ይችላል። ቅቤ ቀብቶ በቀስታ ማሸት ልጁን ያዝናናዋል፤ ጉዳት የለውም። አልከፈት ያለን እግር በግድ መክፈት ግን በማንም እጅ መደረግ የለበትም።

በአሥር ዓመቱ ታላላቆቹ ተሸክመነው አዲስ አበባ ገባን። ከደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ በጭናችን ላይ አጋድመነው ነው የሄድነው። እናታችንም አብራን ነበረች። ሐኪሙ ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅለው ሲያሳዩን የግራው ኳስ ከጎድጓዳው ውጭ ነበር። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረው «እናቴ፣ እግሩ መከፈት ያቃተው መቼ ነው?» አሏት። እሷም ሳታመነታ «እህቱ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ በዒድ ሰሞን፤ መጀመሪያ ግራው፣ ኋላ ቀኙ» አለች። ሐኪሙ ቃል በቃል ጻፉት። በዚያ ጊዜ ቢገኝ ኖሮ ብሽሽቱ ላይ ያለውን ጅማት በማላላት ሊቆም ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን የኳሱ ቅርጽ ራሱ ስለተበላሸ ወደ ቦታው እንደማይመለስ ነገሩን። የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ሕመሙን የሚያስታግስ እንጂ ዳሌውን የሚመልስ አልነበረም። አልሐምዱሊላህ፣ ሌሊቱን መተኛት ቻለ። ዛሬ ሠላሳውን አልፏል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ እንደ ድሮው በሩ አጠገብ ነው። እሱ ራሱ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ኦፕራሲዮኑን አይደለም። «አመል ነው» የተባለበትን ሌሊት ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ሁሉ የተረክነው ለማሳዘን አይደለም። የእናታችንን ቃል ልብ በሉት። «እግሩ አልከፈት አለኝ» ማለቷ በሕክምናው ቋንቋ ትልቅ መረጃ ነበር። ልጇን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የምታጥበው፣ ልብስ የምትለውጠው እሷ ናት። የማንም ሐኪም እጅ ይህን ያህል አይደርስም። ዛሬ ብዙ እናቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደው ልጅ በአያት ወይም በአክስት እጅ ያድጋል፤ ያን ጊዜ የእናትየዋ ትዝታ ጅዳ፣ የልጁ እግር ወሎ ይሆናል። ስለዚህ በደብተር ጻፉት። «በዚህ ወር ጭኑ ይህን ያህል ይከፈታል፤ በዚህ ወር ሲቀመጥ ወደ ግራ ያጋድላል፤ በዚህ ወር ልብስ ስንለውጠው አለቀሰ» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብ የማትችል እናት ካለች ልጆቿ ይጻፉላት። ደብተሩ ልጁ ከሚሄድበት ሁሉ አይለይ።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በጀርባው አስተኝታችሁ ሁለቱን ጉልበት ስታጥፉ አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከታየ፣ አንዱ እግር ያጠረ ከመሰለ፣ መቀመጥ ይችል የነበረ ልጅ መቀመጥ ካስጠላው፣ እንቅልፉ ከተበላሸ። ሆኖም ምልክት አለመታየቱ ዋስትና አይደለም። ዳሌ ብዙ ርቀት ተንሸራትቶ ምንም ላያምም ይችላል። እርግጠኛው መንገድ የዳሌ ራጅ ነው። የማይራመድ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያው ራጅ ቢነሳ፣ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ቢደገም ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከኳሱ መቶ እጅ ሠላሳው ከጎድጓዳው ውጭ ከሆነ የአጥንት ሐኪም ማየት አለበት። ይህን የሚያነሳው መሣሪያ ልዩ አይደለም፤ ለተሰበረ እጅ የሚነሳው ያው ተራ ራጅ ነው። ልጁ በጀርባው ቀጥ ብሎ፣ የጉልበቱ ሎሚ ወደ ላይ እያየ ይነሳል። ፊልሙን አትጣሉት! የዘንድሮው ራጅ ትርጉም የሚኖረው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።

«ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ አለው ወይ?» ለሚል የስዊድንን ነገር እንንገረው። እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ ስዊድን ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ሁሉ መዝግቦ ዳሌያቸውን በየጊዜው በራጅ የመከታተል ሥራ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ከመቶ ልጆች ዘጠኝ የሚሆኑት ዳሌያቸው ጨርሶ ይወልቅ ነበር። ክትትሉ ከተጀመረ በኋላ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም።  ከተለወጡት ነገሮች ዋነኛው ቀድሞ ማየታቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የጥንት ሰው እናንሳ። ይህን ችግር በሕክምናው ዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በለንደን ለማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ አስቸጋሪ ምጥን ከልጆች እግር መገተር ጋር አያይዞ አስረዳ፤ ለረጅም ጊዜም በሽታው በእሱ ስም ይጠራ ነበር። የሚገርመው ሊትል ራሱ በልጅነቱ በያዘው ሕመም የግራ እግሩ የተቆለመመ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 ሀኖቨር ወደሚባል የጀርመን ከተማ ሄዶ ስትሮማየር የተባለ ሐኪም ጅማቱን በቀጭን ስለት በጥሶ እግሩን አቀናለት። አገሩ ተመልሶ ያንኑ ጥበብ ለሌሎች አስተማረ። የታመመ እግር ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ ብቻ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ሕክምናውን በአጭሩ እንለፈው፤ ዝርዝሩ የሐኪሙ ነው። ልጁ የሚውልበት አቀማመጥ ከሁሉ ይቀድማል። በቀን አሥር ደቂቃ እግር መሳብ ብቻውን መገጣጠሚያን ከማጠር አያድንም፤ የቀረው ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ እንዴት እንደሚያልፍ ነው የሚታየው። በጀርባው ሲተኛ በጭኖቹ መካከል ትራስ፣ ሲቀመጥ ወገቡ የሚደገፍበትና ጉልበቶቹ የማይገናኙበት ወንበር፣ ከተቻለም መቆሚያ ያስፈልገዋል። ይህን የሰፈር አናጢ ሊሠራው ይችላል፤ ልኩን ግን ፊዚዮቴራፒስት ይስጥ። ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ አለ። የተወጠረ ጡንቻን ለጥቂት ወራት የሚያላላ መርፌም አለ፤ እሱ ግን ብቻውን ዳሌን ከመውጣት አይመልስም። ኳሱ መንሸራተት ከጀመረ በሕፃንነት የብሽሽትን ጅማት ማላላት፣ ከገፋ ደግሞ አጥንቱን ቆርጦ አቅጣጫውን ማስተካከል ይደረጋል።

በአገራችን የልጆችን አጥንት በተለይ የሚያክመው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ተከፍቷል። በመናገሻ የቼሻየር የተሀድሶ አገልግሎት ከአፄው ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በደሴ፣ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭም የአካል ተሀድሶ ማዕከላት ተቋቁመዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል። ስትሄዱ «ሴሬብራል ፓልሲ አለበት» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ «የዳሌ ራጅ ተነስቶ አያውቅም» በሉ።

ከአድማጮቻችን የሚደርሱን ብዙ ጥያቄዎች ስለ ሶላት ናቸው። እንደ ወንድማችን ያሉ ልጆች መስገድ ይወዳሉ። ተኝተው፣ ጎናቸው ላይ ሆነው፣ በዓይናቸው እያመለከቱ የሚሰግዱ አሉ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ስለ ሕመማቸው ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባነሱት ጥያቄ ላይ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ እንዲሰግድ መፈቀዱ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። ስለዚህ መድረሳ ያላችሁ ኡስታዞች ልጁን «እንደ ጓደኞችህ ተቀመጥ» ብላችሁ በግድ አታጣጥፉት። አንዳንዶቹ ልጆች መቀመጫቸውን በሁለቱ ተረከዞቻቸው መካከል መሬት ላይ አሳርፈው፣ ጉልበታቸውን ወደ ፊት አድርገው ይቀመጣሉ። ለጥቂት ደቂቃ ችግር የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ቁርኣን ሲቀሩ እንደዚያ ሆነው ከዋሉ ግን ሌላ አቀማመጥ ፈልጉላቸው፤ ዝቅ ያለ ወንበር ይበቃል። እግሩ በጄሶ የታሰረ ልጅ ዉዱእ ሲያደርግ በጄሶው ላይ ማበስ እንደሚቻል ዑለሞች አስተምረዋል፤ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉትን ጠይቁ። ዱዓውም፣ ሩቅያውም ይቀጥል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋልና ራጁንም አታስቀሩት።

የራጁን ቀን ለማስታወስ ለሚቸግራችሁ አንድ ቀላል ዘዴ እንንገራችሁ። በየዓመቱ በሻዕባን ወር፣ ለረመዳን ቤት በሚጸዳበትና እህል በሚሰናዳበት ሰሞን፣ የልጁን ዳሌ አሳዩ። አንዲት የኮምቦልቻ እናት እንደዚህ እያደረገች አራት ፊልሞች በአንድ ከረጢት ይዛ አሳይታናለች። በሦስተኛው ላይ ኳሱ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ልጇ በአምስት ዓመቷ ጅማቷ ላልቶላት በአራተኛው ቦታው ላይ ይታያል። የዘንድሮውን ከሻዕባን በፊት አታስነሳም፤ ቀኑን አውቃለች።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ በአዲስ ሕፃናት ላይ ስለሚታየው የወፍ በሽታና መቼ ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለብን እንነጋገራለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።